መጥረቢያው ይቆይ

ልጄ፣ የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀርባ ባለው ግቢያችሁ የቆመው አቮካዶ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል፤ አበባ ግን አንድም ቀን አላሳየም። አባትሽ «ወንድ ነው፤ ቦታ ይዞ ከሚቀመጥ ይቆረጥና አንድ ክፍል ቤት እንሥራበት፣ የፓርኩ ሠራተኞች ይከራዩታል» ይላሉ። አንቺ ደግሞ ዘሩን በእጃቸው የቀበሩት አያትሽ ስለሆኑ አንጀትሽ አልቻለም። አባትሽን አልወቅሳቸውም። በዚያ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው፤ ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ደግሞ የሚከራከርለት አያገኝም። ተከራካሪው አንቺ ከሆንሽ የምትይውን ማወቅ አለብሽ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አትቁረጡት። አናቱንም ቢሆን አትቁረጡት።

«ወንድ ነው» ከሚለው ልጀምር። ሰው ይህን የሚለው ፓፓያን አይቶ ነው። ፓፓያ ከዘር ሲበቅል እውነትም ወንድ ዛፍና ሴት ዛፍ አለው፤ ወንዱ በረጃጅም ዘንግ ላይ አበባ ያንጠለጥላል እንጂ ለቤት የሚሆን ፍሬ አይሰጥም። አቮካዶ እንዲህ አይደለም። በእያንዳንዷ የአቮካዶ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አብረው አሉ፤ ወንድ አቮካዶ የሚባል ዛፍ የለም። ደግሞስ ወንዱ ፓፓያ እንኳ ያብባል። የእናንተው ዛፍ ከነጭራሹ አላበበምና ጥያቄው ስለ ጾታው ሳይሆን ስለ ዕድሜውና ስለ አያያዙ ነው።

ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከ5 እስከ 13 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም ካፈራ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ የተጋባበት፣ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ ያሳያል። ሰው የተዳቀለውን አይቶ ከዘር የበቀለውን ይኮንናል፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሰፈራችሁ ከፍታም አለበት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ እናንተም ከዚያ ብዙ አትርቁም። አቮካዶ በዚህ ከፍታ ያድጋል፣ ያፈራልም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ግን እድገቱን ይይዘዋል። የእናንተው ዛፍ ከሲዳማው ወንድሙ ዘግይቶ ቢደርስ አይገርምም። ዘገየ እንጂ አልመከነም።

አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን መጀመሪያ የተከሉት በሐረርጌ ሂርና የነበሩ የግል አትክልተኞች እንደነበሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተስፋፋው አያትሽ ባደረጉት መንገድ ነው፤ ሰው ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን ጓሮ ይቀብራል። ከዘር የሚበቅል አቮካዶ እናቱን አይመስልም። ፍሬው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቅባታም ይሁን ውሃማ፣ ቶሎ ይድረስ ይዘግይ፣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ከቡታጅራ አካባቢም ሆነ ከሌሎች ችግኝ ጣቢያዎች የሚወጡት ሃስ፣ ፉየርቴና ኢቲንገር የሚባሉት ዝርያዎች ተዳቅለው የሚባዙት ይህን ለማስቀረት ነው። በይርጋለም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዘይቱ እስከመጨመቅ የደረሰ ፍሬ ነውና ገበያው አንድ ዓይነት ፍሬ ይፈልጋል።

የሃስን ታሪክ ግን ለአባትሽ ንገሪልኝ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ፖስተኛ የአቮካዶ ዘር ገዝቶ ተከለ። ሐሳቡ በበቀሉት ችግኞች ላይ የታወቀ ዝርያ ማዳቀል ነበር። አንደኛው ችግኝ ላይ ግን ቢያዳቅሉት ቢያዳቅሉት አልያዘም። ሃስ ተስፋ ሲቆርጥ ያማከረው የማዳቀል ባለሙያ ዛፉ ጤነኛና ብርቱ ነውና ተወው አለው፤ ተወው። ያ የተተወ ዛፍ ያፈራው ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት ተመዘገበለት፤ ዛሬ በዓለም ገበያ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው አቮካዶ የዚያ ዛፍ ዝርያ ነው። እናት ዛፉ እስከ እ.ኤ.አ. 2002 ቆሞ ነበር። ይህን የምነግርሽ የእናንተም ዛፍ እንደዚያ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ከዘር ከሚበቅሉት አብዛኞቹ ተራ ፍሬ ነው የሚሰጡት። ነገር ግን ፍሬውን ሳያዩ በዛፍ ላይ መፍረድ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይህን በደንብ ያዢልኝ። ከዘር የበቀለ ዛፍ የልጅነት ዘመን አለው። በዚያ ዘመን ምንም ብታደርጊለት አያብብም። ከልጅነቱ የሚወጣው ደግሞ ዓመት ስለተቆጠረ ብቻ አይደለም፤ ከቡቃያ ላይ ቡቃያ እየጨመረ፣ ቅርንጫፉ እየተከፋፈለ ወደ ላይና ወደ ውጭ ሲሄድ ነው። የሚደንቀው፣ የግንዱ የታችኛው ክፍል ዛፉ ካረጀ በኋላም ልጅ እንደሆነ መቅረቱ ነው። ለአካለ መጠን የሚደርሰው ጫፉ ነው። የመጀመሪያውም አበባ የሚመጣው እዚያ፣ ፀሐይ የሚያገኘው የቅርንጫፍ አናት ላይ ነው።

በከተማችን በየግቢው የሚፈጸመው ስህተት ከዚህ ይመጣል። ዛፉ ስድስት ሰባት ዓመት ያድጋል፤ «ቁመቱ በዛ፣ ወደ ጎረቤት ተሻገረ» ይባላል፤ አናቱ ይቆረጣል። ከተቆረጠው በታች ቀጥ ያለ ለምለም ቡቃያ ተግተልትሎ ይወጣል፤ ባለቤቱም «አገገመ» ብሎ ደስ ይለዋል። ያ ቡቃያ የወጣው ግን ከልጁ ክፍል ነው። ለማበብ ተቃርቦ የነበረው ጫፍ ተጥሏል፤ ዛፉም የሄደበትን መንገድ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተደረገ ዛፍ አሥራ አምስት ዓመት ቢቆም አበባ ባያሳይ ጥፋቱ የዛፉ አይደለም። ግቢያችሁ ያለው ዛፍ ከዚህ በፊት አናቱ ተቆርጦ ከሆነ ለምን እንደዘገየ ግማሽ መልሱን አግኝተሻል። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከዘር ያበቀለ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል፦ ከታች ያለው ቅርንጫፍ ረጃጅም እሾህ አለው፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እሾሁ ያጥራል፣ ይሳሳል። እሾሁ የሳሳበት ቦታ ለማበብ የቀረበው ነው። አቮካዶ ይህን ምልክት አይሰጥሽም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ የሚነካ ከሆነ ያንን አንዱን ብቻ በባለሙያ አስነሺ፤ የቀረውን አናት ተዪው።

ከዕድሜ ቀጥሎ ብርሃን ነው። ከምሥራቅ በኩል ጎረቤታችሁ ፎቅ ሠርቷል፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ ብለሻል። ፎቁን ምንም አታደርጊውም። ባሕር ዛፉን ግን አባትሽ ሊቆርጡ ከፈለጉ መጥረቢያውን ወደዚያ አዙሪላቸው፤ አቮካዶውን ፀሐይም ውሃም የሚሻማው እሱ ነው። ከራሱ ከአቮካዶው ላይ ደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ወደ ውስጥ የገባውን ቀጭን ጭራሮ ብቻ አውጪለት። ጫፉ ላይ ያለውን አትንኪ።

የውሃውን ነገር ሳነብ ልቤ ደነገጠ። በግቢው የሚኖሩት ተከራዮች እሑድ እሑድ ልብስ ያጥባሉ፤ የእጥበቱም ውሃ የሚደፋው ዛፉ ሥር ነው። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ በፓርኩ ሼድ ውስጥ ውለው ባላቸው አንድ ቀን ነው የሚያጥቡት፤ ውሃው የሚሄድበትን ያጣው ግቢው ነው እንጂ እነሱ አላጠፉም። ነገር ግን አቮካዶ ጨው ከማይችሉ ዛፎች አንዱ ነው። የሳሙናው ጨው አፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም የቅጠሉ ጫፍና ዳር እንደተቃጠለ ሆኖ ይደርቃል፤ ሄደሽ እዪው። በዚያ ላይ አፈራችሁ መረሬ ነው፤ ለጤፍና ለሽምብራ የሚሆን፣ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚቋጥር፣ በጋ የሚሰነጠቅ። የአቮካዶ ሥር አየር ካጣ ይበሰብሳል፤ ይህን ሥር የሚያበሰብስ በሽታ የአቮካዶ አብቃይ ሁሉ ዋና ጠላት ነው። ስለዚህ የእጥበቱ ውሃ የሚሄድበት ትንሽ ቦይ ወደ አጥሩ አስቆፍሪ፤ ለተከራዮቹም በትሕትና አስረጂያቸው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት በዛፉ ዙሪያ የክረምቱ ውሃ እንዳይተኛ ማፋሰሻ ይኑር። ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠል ጠርገሽ አታቃጥዪ፤ እዚያው ጉዝጓዝ ይሁንለት፣ ግንዱን ራሱን ግን እንዳይነካ።

በመልእክትሽ በሉቃስ ወንጌል ያለውን በለስ አንስተሻል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጣና ይቆረጥ አለ፤ አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ለምኖ ዙሪያውን ሊኮተኩትለት፣ ፍግም ሊያደርግለት ተነሣ። የአትክልተኛውን ልብ ውረሺ፤ ሥራውን ግን እንዳለ አትውሰጂ። አቮካዶ ምግብ የሚስብበት ሥር ከአፈሩ ገጽ ብዙ አይርቅም፤ መኮትኮት ያንን ሥር መቆራረጥ ነው። የላሞቻችሁን ፍግ ደግሞ ዛፉ ሥር ለዓመታት ስትከምሩ ኖራችኋል። ፍግና ዩሪያ የበዛበት ዛፍ ቅጠል በቅጠል ላይ ይደርባል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን ምግቡን ሁሉ ለቡቃያ ያውለዋል። የእናንተ ዛፍ ጥጋብ አለበት። ለአንድ ዓመት ፍግ ይቅርበት። ክረምቱ ከወጣ ከጥቅምት ጀምሮም ማጠጣቱን ቀንሺ። አፈሩ ዓለት እስኪሆን አታድርቂው፤ ለምለም ቡቃያ ማውጣቱን እስኪያቆም ብቻ ነው። እንቡጥ ያየሽ ቀን ግን ውሃውን መልሺለት፤ የተጠማ ዛፍ አበባውን ይጥላል።

ጎረቤት «ሚስማር ምቱበት» ይላችኋል። አንዳንዱም በመጥረቢያ አስፈራሩት፣ ግንዱን ደብድቡት ይላል። ይህ ወሬ በብዙ አገር አለ፤ ከጀርባውም ትንሽ እውነት አለው። የቆሰለ ዛፍ አንዳንዴ ያብባል። ሥሩ በስብሶ ሊሞት የተቃረበ አቮካዶም ቅጠሉን አራግፎ በአበባ ይሸፈናል፤ ባለቤቱ ሲደሰት በዓመቱ ዛፉ ይደርቃል። እኔ እንዲህ ያለውን አበባ አልመኝልሽም። ሚስማር ለበሽታ በር ይከፍታል እንጂ ዛፉን ለአካለ መጠን አያደርስም።

ሚስማሩ በጭፍን የሚሞክረውን ነገር በጥንቃቄ የሚያደርግ ዘዴ ግን አለ፤ ልጥን ቀለበት አድርጎ ማንሳት ነው። ቅጠል የሚሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነው፤ ውሃው ወደ ላይ የሚወጣው ግን በውስጠኛው እንጨት በኩል ነው። ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ልጡ ብቻ በጠባቡ ከተነሳ ውሃው መውጣቱን ይቀጥላል፣ ስኳሩ ግን መውረጃ አጥቶ ከቀለበቱ በላይ ይጠራቀማል። ያ ቅርንጫፍ ወደ ማበብ ያዘነብላል። የምታደርጊው በጥቅምት፣ ቅጠሉ በጠነከረበት ጊዜ ነው። ከክንድሽ የቀጠነ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ጤነኛ ቅርንጫፍ አንድ ብቻ ምረጪ። ቢላዋውን በአልኮል ጥረጊ። በመካከላቸው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች ዙሪያውን ቁረጪና በመሀል ያለውን ልጥ አንሺ፤ እንጨቱን አትንኪው። ቁስሉ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱን ይገጥማል። ግንዱ ላይ ይህን ማድረግ ክልክል ነው፤ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉም ሊሞት ይችላል። ሥሩ የታመመ መስሎ ከታየሽም ተዪው።

ይህ ዘዴ ለክርክርሽም ይጠቅምሻል። ቀለበት የተደረገበት ቅርንጫፍ አብቦ ሌላው ካላበበ፣ ዛፉ ደርሷል፣ የቀረው ጥቂት ነው ማለት ነው። አባትሽን ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም። ያም ቅርንጫፍ ካላበበ ወይ ዛፉ ገና ልጅ ነው፣ ወይ ያ ቅርንጫፍ አልደረሰም።

ያን ጊዜ ማዳቀል አለ። እርግጠኛው መንገድም እሱ ነው። ፍሬው ከተወደደ፣ ዘንድሮ ካፈራ አቮካዶ ላይ የተቆረጠ ቀንበጥ ወደ ሌላ ዛፍ ሲሸጋገር ዕድሜውን ይዞ ይሄዳል፤ በልጅ ግንድ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ለማበብ የደረሰ ነው። ትልቅና የተዘረጋ ሥር ያለው ዛፍ ላይ ደግሞ በፍጥነት ያድጋል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ፍሬ ታያላችሁ። አያትሽ የተከሉት ሥር እንዳለ ይኖራል፤ ዘጠኙ ዓመት አይባክንም። አዲስ የተዳቀለ ችግኝ ገዝታችሁ ብትተክሉ እኩል ጊዜ ወይም የበለጠ ትጠብቃላችሁ፤ ያውም መረሬው ክረምት ካልገደለው።

እንዴት እንደሆነ ባጭሩ ልንገርሽ፤ እጁን ያፍታታ ሰው ግን አጠገብሽ ይኑር። የወረዳችሁ የከተማ ግብርና ባለሙያ ሰው ሊጠቁምሽ ይችላል። በልግ ሲገባ፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ ያለው እንቡጥ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ቀንበጥ ይቆረጣል፤ ቅጠሉ ይነሳል፤ በረጠበ ጨርቅና በፌስታል ተጠቅልሎ በዚያው ቀን ይዳቀላል። ከእናንተው ዛፍ አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ የቀረው ቅጠል ዛፉን እየመገበ ይቆያል። ሙሉውን በአንዴ አትቁረጡ። ቀንበጡ ሲገባ ከልጡ ሥር ያለው ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ከግንዱ አረንጓዴ ሽፋን ጋር መገናኘት አለበት፤ የሚያያዙት እዚያ ነው። በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ከፀሐይ ይጋረዳል። ጥላ ያጣውን የግንድ ክፍል በኖራ ቀቡት፤ የአቮካዶ ልጥ በፀሐይ ይቃጠላል። ከተዳቀለው በታች የሚወጣውን ቡቃያ በየሳምንቱ በእጅሽ ልቀሚው፤ ካልተለቀመ ድቅሉን ይውጠዋል።

አበባው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ አለሽ፤ እሑድ ቀን የምትሠሪው። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ እንደ ሴቴ፣ በማግሥቱ እንደ ወንዴ። አንዳንዱ ዛፍ ጠዋት ሴቴ ሆኖ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ይሆናል፤ ሌላው ከሰዓት ሴቴ ሆኖ በማግሥቱ ጠዋት ወንዴ። እንደ ሃስ ያለው የመጀመሪያው ወገን ነው፤ ፉየርቴና ኢቲንገር ከሁለተኛው ናቸው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተመልከቺ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይም ተመልከቺ። መሀሉ ላይ ነጭ ዘንግ ብቻ ቆሞ በዙሪያው ያሉት ክሮች ተኝተው ካየሽ ሴቴ ነው፤ ክሮቹ ቆመው ብናኝ ካፈሰሱ ወንዴ ነው። በሰፈራችሁ ብርድ ሰዓቱ ሊዘበራረቅ ስለሚችል አንድ ዛፍ ለብቻውም ፍሬ ሊይዝ ይችላል፤ ከሌላው ወገን ቀንበጥ አምጥተሽ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ካዳቀልሽ ግን ዛፉ ለራሱ አጋር ያገኛል። ንብ ስለሚያስፈልገው በአበባው ወራት ፀረ ተባይ አይነፋበት። የሚረግፈው አበባ ብዛት እንዳያስደነግጥሽ፤ ከሺህ አበባ አንዷ ወይም ሁለቷ ፍሬ ብትሆን ደንቡ ነው።

አባትሽን ስታነጋግሪ የበለሱ አትክልተኛ ከለመነው ዓመት በላይ ጠይቂ፤ ሦስት ዓመት ያስፈልግሻል። ከዚያ በኋላ አበባ ካልታየ ቤቱ ይሠራ፤ እኔም አልከራከርም። እስከዚያ ግን ባሕር ዛፉ ይነሣ፣ ቦዩ ይቆፈር፣ ፍጉ ይቁም። መስከረም ሲጠባ ዛፉን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሥተሽ፣ ቅጠሉንም ከቅርብ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የሚላጠውን ቅርንጫፍ አብረን እንመርጣለን።